ሰዓቱ ከየት ይጀምራል

ስክሪኑ ሁለት ሰዓት ይላል፤
በእኔ አገር ቆጠራ ስምንት ሆኗል።
አምስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነን ሌሊት ሌሊቱን፣
እኔና ማሽኑ በመነሻ ብንለያይም፣ አብረን እንጠብቃለን ንጋቱን።

ሱር ከተማ፣ ከባሕሩ ዳር፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ አልጋ ዐሥራ አንድ፤
ኹሜስ ቢን ጁማ ተኝቷል፣ መዳፉ የሻከረ እንደ ግንድ፤
የእንጨት ጀልባ ጠራቢ፣ ስልሳ ዓመት ጣውላ ሲያጋጥም ኖሮ
ዛሬ ሆዱን ከፍተው ሰፍተውት፣ በአራት ቱቦ ታስሮ።

ሲስተሙ ስለ እሱ የማያውቀው የለም፦
ስኳሩን፣ ክብደቱን፣ የፈሰሰውን ደም፣
የቆዳውን ነጥብ፦ ዐሥራ ሁለት። ዝቅ ያለ ነው፤ ያሰጋል።
ስለዚህ በየሁለት ሰዓቱ ቢጫ ያበራል፦
«አልጋ ዐሥራ አንድ፤ ይገላበጥ።»
ዝም ካልነው ቀልቶ ይጮኻል፣ ተረኛውን እስኪያስደነግጥ።

ሳያዞሩት «ዞሯል» ብለው ቢጫኑለትም ያምናል።
የዋህ ነው። አረንጓዴ ይሆናል።
ልናዘዝ፦ በመጀመሪያው ዓመቴ፣ በረመዳን አንድ ሌሊት፣
ስምንት በሽተኛ ይዤ፣ ወገቤ ሲከዳኝ፣ ጫንኩት።
ሴትዮዋ ምንም አልሆነችም።
ያን አረንጓዴ ግን ዛሬም ከዓይኔ አላጠፋሁትም።

የዛሬው ግን እውነት ነው፤ በሰዓቱ አዙረነዋል፣
ሊኒ በዚያ ጫፍ፣ እኔ በዚህ፤ አንሶላው ይመሰክራል።
ታዲያ የግራ ተረከዙ ለምን ቀላ?
በጣቴ ጫን አደረግሁት። መንጣት ነበረበት።
አልነጣም።

ወደ ስክሪኑ ተመለስኩ፤ መዝገቡን ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ሳብኩ።
ቆጠራው የሚጀምረው ከዋርዳችን በር ነው።
ከዚያ በፊት፣ በቀዶ ጥገናው ጠረጴዛ ላይ፣ በጀርባው፣
ሳይነቃነቅ፣ ሳያመው፣ «አዙሩኝ» ሳይል የተኛው
ሰባት ሰዓት ከሩብ፣
ሌላ ፋይል ውስጥ ነው፤ የይለፍ ቃሉ የሌላ ክፍል።
ቆዳ ግን ክፍል አያውቅም። ሁሉንም ደምሮ ይቆጥራል።

ከባቱ ሥር ትራስ አስገባሁ፤ ተረከዙ አየር ላይ ቀረ።
ዶክተሯን ቀሰቀስኩ። ፎቶ አነሳሁ። ጻፍኩ፣ ምንም ሳላሳምር።

ሽማግሌው ነቅቶ ኖሯል። «እግሬ ሥር ምን ጠፋሽ?» አለኝ።
በተሰባበረ ዐረብኛዬ ስነግረው በትዕግሥት ሰማኝ፤
ከዚያ ሳቀ፣ ስፌቱን በእጁ ደግፎ፦
«ግንዱ የሚመጣልን ከሕንድ ነው።
ዕድሜውን የምንቆጥረው ከተቆረጠበት ቀን እንጂ
ከእኔ ደጅ ከወረደበት ቀን አይደለም።
በመንገድ ላይ በየትኛው ጎኑ እንደ ከረመ ያልጠየቀ አናጢ፣
ጀልባው ውኃ ላይ ይነግረዋል።»

ጠዋት ለቢጁ ነገርኩት፣ ሲስተሙን ለሚጠግነው የኬረላ ልጅ።
ጣቱን ስክሪኑ ላይ አኑሮ «አንድ መስመር ብቻ ነው» አለ፣
«የሁለቱን ፋይል ሰዓት ማገናኘት።»
አንድ መስመር!
ሦስት ስብሰባ፣ አራት ፊርማ፣
«አንቺ ደግሞ ማን ነሽ?» ያለኝ አንድ ኃላፊ፣
ባሕሩ ዳር ሰርዲን ተሰጥቶ የደረቀበት አንድ ሙሉ ወር።

ኹሜስ በዐሥራ ሦስተኛው ቀን ወጣ።
ተረከዙ ጠቆር ብሎ ነበር፤ ቆዳው ግን አልተከፈተም።
አልተሰናበትነውም፤ የዚያን ቀን ተረኛ አልነበርኩም።

ትናንት ሌሊት ከቀዶ ጥገና አንዲት ሴት አመጡ።
አልጋዋ ከሊፍቱ ሳይወጣ፣
ስሟ ስክሪኑ ላይ ቢጫ ሆኖ ቀድሟት ደረሰ፦
«አምስት ሰዓት በጀርባዋ ተኝታለች።»
እጄን ታጠብኩና ሊኒን ጠራሁ።
ማሽኑ አራት ይላል።
ለእኔ ዐሥር ነው።