ሰማንያ

መብራት ኃይል ሰፈር፣ መብራት በሌለበት ቀን፣
ነፋሱ የአዳማን አቧራ ሲዘግን ሲበትን፣
ጋሽ ሊበን መጡ በዚያችው በሴይቼንቶ፣
የበሯ እጀታ በሲባጎ ተጎትቶ፤
ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሒሳብ ሲሠሩ የገዟት፣
በዕድሜ እኔን ትበልጣለች፤ ኮፈኗን ስከፍት «ይቅርታ» የምላት።

«ልጄ፣ ይቺ መኪና ናላዋ ዞሯል መሰለኝ፤
ፍሬቻ ባበራሁ ቁጥር ቤንዚኑ ነው የሚጠቅሰኝ፤
የፊት መብራት ስለኩስ ትኩሳቷ ይወጣል፤
ክላክስ ስነካላት የዝናብ መጥረጊያው ይነሣል።
ቤንዚኔን የምለካው ሃያ ዓመት በእንጨት ነው፤
ዛሬ ዓይኔ ደከመና፣ እንጨቱን ማንበብ አቃተው።»

እንጨቱን አየሁት፣ ከኋላ ወንበር ተጋድሟል፤
የፊተኛው ወንበር፣ ከጎናቸው፣ ተወልውሏል፤
ዕቃ አይቀመጥበትም። ወይዘሮ ዲንቂቱ ካረፉ
ሦስት ክረምት አለፉ።

ካቻቢቴ ጨብጬ ከመሪው ሥር ተንጋለልኩ፤
የእጅ ባትሪ በጥርሴ፣ ሽቦ በሽቦ ተከተልኩ።
ቀይ የነበረው ቡናማ፣ ቡናማ የነበረው ጥቁር፣
ሙቀት ያደረቀው፣ አይጥ የቀመሰው፣ ሲነኩት የሚሰባበር፤
ባልቦላው በተቃጠለበት የሲጋራ ብርማ ወረቀት፣
የስንቱ እጅ «ለዛሬ ይሁን» ብሎ ያለፈበት።

«ጌጁ ሞቷል፣ ይቀየር፣» አለ ናኦል፣ ረዳቴ።
«ትርታው ሳይታይ አይቀበርም፤ ቴስተሩን አቀብለኝ፣ በሞቴ።»

ነገሩ ማሳ ነበር፤
ከቦዲው ጋር የምታስተሳስር
አንዲት ብሎን ዝጋ ኖሯል። ኤሌክትሪክም እንደ ገበሬ
ማሳውን ያጣ ቀን በሰው ድንበር ያርሳል፤
በፍሬቻ በኩል ገብቶ በቤንዚን በኩል ይወጣል።
በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኳት ነጭ እስኪሆን ብረቷ፤
ሳጠብቃት መርፌው ወረደ፣ ሩብ ላይ ቆመ፤ ይኸው ነው እውነቷ።

እዚህ ላይ መክደን ነበር። እጄ ግን አቧራ ጠላና
የኪሎሜትሩን ክብ አወጣ፣ ሰሌዳውን ገለበጠና፣
ከጀርባው በእርሳስ የተጻፈ፣ የሟች መምህሬ የእንዳሻው ጽሕፈት፣
አውቃታለሁ ያቺን «ሰ»፣ አንድ እግሯን የሚያሳጥርባት፦

«ግንቦት ፸፰። በባለቤታቸው ትእዛዝ ስፕሪንጉ ላልቷል።
ስልሳ ሲሄዱ ሰማንያ ይላል።
ለጋሽ ሊበን እንዳይነገር።»

ጋሽ እንዳሻው፣ «ሽቦ ምስጢር አይጠብቅም» ይሉ የነበሩ፣
ይህን ይዘው ተቀበሩ።

ሳቅ ተናነቀኝ። በልጅነቴ ሰምቼ ነበር ወሬውን፤
ሞጆ መንገድ ላይ ተገልብጠው መትረፋቸውን፣
«ሊበን ሰከነ» ብሎ አገር ማድነቁን ጭምትነታቸውን።
ጭምቷ ግን እዚህ ነበረች፣ ፀጉር በምታክል ስፕሪንግ ላይ፣
ከየጉዞው ሃያ ሃያ ስትሸርፍ፣ እሳቸው ሳያዩ፣ እኛም ሳናይ።

«ይሄስ አይስተካከልም?» አለ ናኦል፣ ፒንሳ ይዞ።
እንጀራዬ ማስተካከል ነው፤ እጄ ግን ቀረ ፈዝዞ።
«እሱ ሰነድ ነው፣» አልኩት፣ «የሰው ሰማንያ አይቀደድም።»
መስታወቱን ወልውዬ ገጠምኩ። ሌላ አልተናገርኩም።

«ኪሎሜትሩስ?» አሉኝ ጋሽ ሊበን፣ ብር ሲቆጥሩ።
«እሱ ጤነኛ ነው። አደራ፣ በሌላ እጅ እንዳያስደፍሩ።»

ወደ ሶደሬ መንገድ ወጡ፣ እንጨቱን እኔ ዘንድ ትተው፤
ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመለሱ፣ አንገት በመስኮት አውጥተው፦
«ሰማንያ!» አሉኝ፣ «በዚህ ዕድሜ! አሁንም ሰማንያ!»
ከኋላቸው ባጃጅና ጋሪ፣ አገዳ የጫነ፣ ተሰልፎ እንደ ገበያ።

ወደ እኔ ሊታጠፉ ፍሬቻ አበሩ።
የቤንዚኑ መርፌ እንደ ረጋ ነው፤
መኪናዪቱ ግን
ጠቀሰችኝ።