መጠይቅ ቁጥር አርባ አንድ

የሐይቁ ጭጋግ ሳይነሳ ሪፈራል ደርሼ፣
ጋዋኔን ለብሼ፣
አልጋ ዘጠኝ አጠገብ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ፤
«መጠይቅ ቁጥር አርባ አንድ» ብዬ ጻፍኩ።

ስም አይጻፍም በሕጉ።
ዕድሜ፦ ሠላሳ ስምንት። ሥራ፦ ዓሣ መበለት።
ሰፈር፦ አሞራ ገደል። ልጆች፦ ሦስት።
ምርመራ፦ ቀጭኑ አንጀት ተጠማዞ፣ ጠቁሮ፣
በእኩለ ሌሊት ቢላ ወጥቶ፣ ተወርውሮ፣
የቀረው ስድሳ ሴንቲ ሜትር፤
ክንድ ከስንዝር።

«ባለፉት አራት ሳምንታት ድካም ተሰምቶዎታል?
በጭራሽ፣ አልፎ አልፎ፣ ሁልጊዜ፤ የቱ ይስማማዎታል?»

ሮዳሞ (ለቅጹ ሳይሆን ለእናንተ ነው ስሙ)
ቀና አለ ከትራሱ።
«እህቴ፣ መብላት እበላለሁ፤ እህሉ ግን አያድርም፤
በፊት በር ገብቶ በጓሮ ይወጣል፣ አረፍ እንኳ አይልም።
ዳንቦዌ ቡርሳሜ ሠርታ፣ በቅቤ አርሳ ሰጠችኝ፤
ቅቤዋን ሽንት ቤት፣ ውኃ ላይ ተንሳፍፎ አገኘሁት፤
አፈርኩ። አልነገርኳት።
ጎረቤት ‹እየበላ የሚከሳ ምን ጉድ ነው?› ይላል፤
አንዱ ኮሶ፣ ሌላው ዓይነ ጥላ ያዝልኛል።»

ሦስት ቁጥርን ከበብኩ።
«ሐዘንስ?» አልኩ።

«ከአለታ ወንዶ መጥቼ አማርኛ ስለምድ የገረመኝ፣
ሁሉን ነገር አንጀት ውስጥ ማኖራችሁ ነው» አለኝ።
«ያሳዘነ አንጀት ይበላል፣ የረዳ አንጀት ያርሳል፣
የቻለ አንጀቱን አስሮ ያድራል።
የእኔው ክንድ ከስንዝር ነው፤ ለቋጠሮ አይደርስ፤
በየቱ ልዘን? በየቱ ልራስ?»

ለዚህ መልስ ቁጥር አልነበረም።

ከላይ የተሰቀለው ግሉኮስ ጠብ፣ ጠብ ይላል።
ሌላ አገር፣ ይላሉ ዶክተሩ፣ ወተት የመሰለ ከረጢት ይሰቀላል፤
በሽተኛው ተኝቶ፣ ራቱን ደም ሥሩ ሲበላ ያድራል።
እኛ ስቶር ሄጄ ጠየቅኩ።
ሴትዮዋ ቁልፏን በጣቷ እያሽከረከረች፣
«እንኳን እሱ፣ ግሉኮሱም ለዓርብ አይደርስ» አለች።

«ጥናቱ ለእኔ ነው?» አለኝ ስመለስ።
«ለሚመጡት።»
«እንግዲያው ፍጠኚ፤ መንገድ ላይ ናቸው።»

በሦስተኛው ወር አልመጣም።
ዘጠና ዘጠኝ ጻፍኩ፦ «ከክትትል የጠፋ»፤ ደንቡ ነው።
እጄ ግን ቁጥሩን አላመነው።
ቅዳሜ ባጃጅ ይዤ አሞራ ገደል ወረድኩ።

መላጣው አባ ኮዳ ሽማግሌ መስሎ ቆሟል፤
ሮዳሞ ከዋርካው ሥር፣ ቀበቶው ሁለት ዙር ዞሮት ተቀምጧል፤
ጨውና ስኳር የበጠበጠበት ሃይላንድ ከጉልበቱ ሥር፣
ቢላው ከእጁ ጋር።

«ጠፋ ብለሽ ጻፍሽ?»
«ጻፍኩ።»
«ደግ። አሁን ደግሞ እኔ ላስጠናሽ።»

ሁለት ዓሣ ሰነጠቀ፤ አንጀታቸውን ጣውላው ላይ ዘረጋ።
«ይቺ ቆሮሶ ናት፤ የውኃ ሣር ነው ቀለቧ፤
ብትዘረጊው የታንኳ ግማሽ ይሞላል አንጀቷ።
ይሄ አምባዛ ነው፤ ያገኘውን ዋጭ፤
አንጀቱ አጭር ነው፣ ቁርጭ።
ግን ይኖራል። ጭቃ ውስጥም ይኖራል።
አምላክ ቆሮሶ አድርጎ ሠራኝ፤
እናንተ አምባዛ አድርጋችሁ መለሳችሁኝ።
እሱ ከተፈለፈለ ጀምሮ ያውቅበታል፤
እኔን በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ማን ያስተምረኛል?
ጻፊው።»

መጨረሻው ገጽ ላይ አንድ መስመር አለ፤
«ሌላ ካለ ይጠቀስ» የሚል፤
አርባ ሰው ባዶውን ትቶት ያለፈ።
«አምባዛ» ብዬ ጻፍኩበት።
ፕሮፌሰሩ ምንድን ነው ብለው ይጠይቁኛል፤
ይጠይቁኝ።

ሮዳሞ ጣውላውን በመዳፉ ጠረገ።
አባ ኮዳው ሁለት እርምጃ መጣ፤
ረጅሙንም አጭሩንም ዋጠ፤
አልለካቸውም።