ደብዳቤው የት ይደር?

በሂዩማ ደሴት፣ በጀልባው ቢሮ ጓዳ፣
መወልወያና ባልዲ ቢገፋው ሳይጎዳ፣
አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ያጉረመረመው ሣጥን፣
ሄልዱር የገጠመው፣ በእጁ፣ በልክ፣ በመጠን፣
የደሴቱን ደብዳቤ ተቀብሎ ሲያሳድር፣
ማራገቢያው ሲያስል፣ መብራቱ ሲደናገር፣
ባለፈው ኅዳር ማታ አንዴ ተንፍሶ ዝም አለ።
በነጋው ተነሣ፤ እምነታችን ግን ጎደለ።

ሊቀ መንበር ቶኑ "እስከ ዓርብ ምረጡ" አለ፤
"ወይ እንከራይ፣ ወይ እንሥራ፤ ሌላ መንገድ የለ።"
ለምርጫው የታዘዝሁት እኔ ነኝ፣ ታናሹ፣
ገመድ የምጎትት፣ አቧራ አባሹ።

ከታሊን አንድ ሰው መጣ፣ ጫማውን በረዶ ያልነካ፣
ግድግዳ ላይ ሥዕል አብርቶ ሲናገር በዜማ፣ በለሰለሰ ለካ፦
"በነፍስ ወከፍ፣ በየወሩ፣ ከሁለት ዳቦ ያነሰ!
ጓዳ የለ፣ ማራገቢያ የለ፤ ሁሉም ደመና ላይ ደረሰ።"
ማይሙ ከሒሳብ ክፍል፣ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ፣
"ደመናውስ የማን ነው?" አለች፤ "ለከርሞስ ስንት ነው ዋጋ?"
ሰውየው ሣቀ፤ ከሣቁ በቀር መልስ አልነበረው።
ሄልዱር ጥግ ተቀምጦ ጥፍሩን ነበር የሚቆጥረው።

ከሣጥኑ ይልቅ የከበደኝ የየሰዉ ጠረጴዛ፤
ሰባት ሰው፣ ሰባት ልማድ፤ ክርክሩ እየበዛ።
ትኬት ቆራጯ ሊስ ሁሉን በብራውዘር ነው የምትከፍት፤
መስመሩ የተቋረጠ ለት ባዶ መስኮት የሚቀራት።
ካፒቴን አርቮ ፊደሉ ትልቅ ካልሆነ አያነብ፤
"ሦስት አዝራር ይበቃኛል" ይላል፤ "ክፈት፣ ላክ፣ ሰብስብ።"
ማይሙ ደግሞ በአሮጌው ፕሮግራም፣ አርማው በደበዘዘ፣
ሠሪው ድርጅት ከፈረሰ ስምንት ዓመት በያዘ፤
ደብዳቤው ሲመጣ አውርዶ፣ ከሰርቨሩ ላይ ሰርዞ፣
በእሷ ዲስክ ብቻ ያኖራል፣ በአቃፊ በአቃፊ ይዞ።
"የኔ ነገር እኔ ዘንድ ይደር" ትላለች፤ እውነት አላት።
"ዲስኩ የተሰበረ ለትስ?" አልኋት፤ ቃል አጠራት።

ጥያቄው ይኼ ነው እንግዲህ፣ ከዋጋም ከአርማም በፊት፦
ደብዳቤው የት ይደር? በማን ጣራ፣ በማን ቤት?
ሰርቨሩ ላይ አድሮ በየማሽኑ ጥላው ይታይ?
ወይስ ወርዶ ቤቱ ይግባ፣ ዳግም ላይወጣ ወደ ላይ?

ሦስት ሌሊት ሞከርሁ። አንዱ ፕሮግራም ውበቱ ቢያስቀና፣
የስማችንን ነጠብጣብ ይበላል፤ "ቶኑ"ን መጻፍ አይቀና።
ሁለተኛው በየእርምጃው "እርግጠኛ ነህ? እርግጠኛ?"
እንደ ቂመኛ ዳኛ።
ሦስተኛው ነጻ ነው፣ ሻካራ ነው፤ የሚሰብክለት ሰው የለ።
ያዘዝሁትን ፈጸመ። ከዚያ ዝም አለ።

"ሰርቨር አትምረጥ" አለኝ ሄልዱር፤ "ሰው ነው የሚመረጥ፤
ሌሊት ሲሞት የሚነሣ፣ በጥድፊያ ካልሲ የሚገለብጥ።"
ዞሬ አየሁ፤ ከኔ በቀር በክፍሉ ውስጥ ሰው የለም።
ዓርብ ዕለት "እንሥራው" አልሁ፤ ድምፄ ግን ጽኑ አልነበረም።

አዲሱ ሣጥን ቆመ፤ ዲስኩ ሁለት፣ አንዱ ላንዱ ዋስ፣
ቅጂውም በየሌሊቱ ከትምህርት ቤቱ ምድር ቤት እንዲደርስ።
የመጀመሪያውን ደብዳቤ ባሕር ማዶ ለሆስፒታል ላክን፤
የጀልባ መነሻ ሰዓት ነበር፤ በር ላይ አስቆሙብን፦
"የማን ልጅ ነህ? ከየት ነህ? ማን ያውቅሃል በዚህ አገር?"
ማኅተማችንን አሳየን፣ ሐረጋችንን ስንቆጥር፣
ስማችንን ከነቁጥሩ፣ ቁጥራችንን ከነስሙ፤
ሰሙ፣ ሰሙና፣ ከቆሻሻ መልእክት ጋር አጋደሙ።
ትልልቆቹ ደጆች ትንሽ ቤት አያምኑም።
የታሊኑ ሰው ያውቅ ኖሯል፤ እኔ አላወቅሁም።
ሦስት ሳምንት ደጅ ጠናሁ፤ ቅጽ ሞላሁ፣ ለመንሁ፤
አንዳንድ ሌሊት በሆዴ የኪራዩን ዋጋ አሰላሁ።

ማይሙ አሁን ደብዳቤዋን ሁለት ቦታ ታሳድራለች፤
አንዱ ጓዳ፣ አንዱ ዲስኳ፤ "ለጥርጣሬዬ" ትላለች፤
አሮጌውን ፕሮግራምም አላጠፋችው፤ ደብቃዋለች።

ትናንት ባሕሩ ረግቶ፣ ጀልባዋ መሄድ ሲያቅታት፣
ለሆስፒታሉ ጻፈች፤ አንዲት ቃል ብቻ በቃቻት፦
"ደርሷል?"
ሰባታችንም ከኋላዋ ቆምን።
መልሱ ሲዘገይ ሄልዱር የለበሰውን ኮት አወለቀ፤
ውጭ፣ ከወደቡ ሥር፣ በረዶው እንደ ብርጭቆ ደቀቀ።