የተገኘ ሸሚዝ

አፉላ፣ ከገበያው ጫፍ፣ ከመድኃኒት ቤቱ ጎን፣
አርካዲ የሚሉት አለ፣ ያረጀ ፎቶ የሚያድን።
ከኦዴሳ ነው የመጣው፤ መነጽሩ ወፍራም፣
እሱ አማርኛ አይሰማ፣ እኔ ሩሲያኛ አልሰማም፤
ዕብራይስጡን እንደ ቁም ሣጥን በሁለት ጫፍ ተሸክመን
ደረጃ ለደረጃ እንወርዳለን፣ እየተጋጨን።

ፎቶዋን አወጣሁለት፤ ጎንደር የተነሣች ናት፤
ከኋላ መጋረጃ አለ፣ ፏፏቴ የተሣለበት።
አባቴ እንዳላማው፣ እናቴ ይታይሽ፣
ወንድሟ ተገኘ፣ ሚስቱ ያልጋነሽ።
ተገኘ ስሙ ነው እንጂ፣ እሱስ አልተገኘም፤
ሱዳን መንገድ ላይ በሌሊት፣ ውኃ ልፈልግ ብሎ ሄደ፤ አልመጣም፤
ከዚህች ወረቀት በቀር መልክ የሚባል የለውም።

«ሸሚዙ ምን ዓይነት ነበር?» አለኝ እርሳሱን ሲስል፤
«የሚያውቅ ሰው ካለ ጠይቅ፤ ማሽኑማ ይገምታል።»

ቂርያት ጋት ደወልኩ፣ ያልጋነሽ ዘንድ።
«አረንጓዴ» አለች ወዲያው፤ «በእጄ ነው የሰፋሁት፤
ሦስተኛው ቁልፍ ጎድሎኝ የሌላ ነው የተከልኩበት።»
እናቴ ከጓዳ ሰማች። «ቀይ ነው!» አለች ጮኻ፤
«ከወንዝ ማዶ ሲመጣ የምለየው በምን ነበርና?»
ስልኩ ተዘጋ።
አርባ ዓመት አብረው ያለቀሱለትን ሰው
በሸሚዝ ተጣሉበት፤
ሁለት ሳምንት ተኳረፉ።

ማክሰኞ ሄጄ ተቀበልኩ፤ ስልሳ ሸቀል ከፈልኩ።
ሰማያዊ።
ማንም ያላለው ሰማያዊ።
ፏፏቴውንም አምኖታል ማሽኑ፤
ጨርቅ ይሆን ብሎ ሳይጠረጥር
አረፋ አልብሶ ለቀቀው፣ ባባቴ ትከሻ በኩል።

እናቴ መነጽሯን ጠረገች። አየች። ደግማ ጠረገች።
«አባትህ ቀይ ዳማ ነበር» አለች።
«ያልጋነሽ ጠይም ናት፤ እኔን የብስል ቀይ ይሉኛል።
ተገኘ ጥቁር ነው፤ ጥቁረቱ የሚያበራ፣
ሠርግ ቤት ከመቶ ሰው በመልኩ የሚጠራ።
ቀለም አልቆጠርሽም ትሉኛላችሁ፤
ይኼን ግን ቆጥሬ አውቃለሁ።
ከአውሮፕላን ስንወርድ ነው
ለሁላችን አንድ ቃል የሰጡን።
ማሽኑም ወሬ ሰምቶ መሰለኝ
አራታችንን ባንድ ብሩሽ ቀባን።»

ምን ልበላት? እውነቷን ነው።
ግን ሞርያ፣ ልጄ፣ በግራጫዋ ፎቶ ሥር
ስድስት ዓመት ስትመላለስ ቀና ብላ አላየችም፤
የተቀባውን ስታይ ቆመች።
«አባ፣ የዚህ ሰውዬ ጆሮ የኔን ይመስላል» አለች፤
ስሙንም ጠየቀች።
በውሸት ሰማያዊ ሸሚዝ
ተገኘ
ለአንድ ከሰዓት ተገኘ።

የዋናዋን ጀርባ ገለበጥኩ።
የፎቶ ቤቱ ማኅተም አለ፣ ሐምራዊ፣ ዳሩ የፈዘዘ።
ከዚህ ሁሉ ቀለም ማንም ያልገመተው እሱን ብቻ፤
እሱ ደግሞ ስለ ሸሚዝ የሚነግረኝ የለም።

የተቀባውን ለሞርያ ሰጠኋት፤ አልጋዋ ራስጌ ሰቀለችው።
ዋናዋ ሳሎን ናት።

ቅዳሜ ማታ፣ ሰንበት ሳይወጣ፣ መብራት አይነካም፤
ሦስት ኮከብ እስኪታይ እንቀመጣለን፤ ብዙ አናወራም።
መጀመሪያ የሶፋው ቀይ ይሄዳል፤
ቀጥሎ ሳህኑ ላይ ያለው ብርቱካን፤
ቀጥሎ የእናቴ ነጠላ ጥለት።
ግድግዳው ላይ አራቱ፣ ከሥራቸው እናቴ፤
ግራጫ ከግራጫ ሲገናኝ
የትኛዋ ፍሬም ውስጥ፣ የትኛዋ ወንበር ላይ እንዳለች
ይጠፋኛል።

ኮከቦቹ ወጡ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛም።
እጄን ወደ ማብሪያው ስሰድ
«ቆይ» አለች።