ስለት

ብሩክስ ነው አገሩ፤ ስሙ ብሩክ፣ ነፋሱ ርጉም፣
በጥቅምት በረዶ ጀምሮ እስከ ሚያዝያ የማያቆም።
ቅዳሜ ከፈረቃ ወጥቼ፣ ሱቋ ሳይዘጋ፣
ማርጆሪ ዘንድ ገባሁ፣ ጓንቴን በጥርሴ ስጎትት፣ ካንጓዬ ጋር ስዋጋ።

በመስታወቱ ሣጥን ተኝተዋል ቢላዎች በየረድፉ፣
እንደ ሙሽራ ተኳኩለው፣ አፋቸው ወደ ደጃፉ።

«ለባልሽ ነው?» አለችኝ፣ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ።
«ለኔ ነው፤ ለአጋዘን። ሐሙስ ከኦረስት ጋር እንወጣለን ሳይነጋ።»

ትልቁን አነሣሁ፤ እጀታው ቀንድ፣ ርዝመቱ ክንድ የሚያህል።
«ይሄማ ለግድግዳ ነው» አለች፣ «አውርቶ ለሚውል።
ሆዱን ስትከፍቺ ረጅም ጫፍ አንጀት ይወጋል፣
አንጀት ከተወጋ ደግሞ ሥጋው ይከረፋል።
ጣትሽ ጫፉ ላይ ይድረስ፤ የማታዪውን ጫፍ አትመኚ፤
ውስጡ ጨለማ ነው፣ ዓይን አይሠራም፤ እጅሽን ብቻ እመኚ።

የማይዝገውን ሰነፍ ይወደዋል፤ ቶሎ ግን አይሳልም።
የሚዝገው ዘይት ይለምናል፣ ካላበስሽው አይምርሽም፤
ድንጋይ ሲነካ ግን እንደ ልጅ ነው፣ ታርቆ ያድራል፣ ቂም አይዝም።»

ዘጠኝ ዓመት ቆርጫለሁ፣ ስንት ጎድን፣ ስንት ትከሻ፣
ሰንሰለት እያመጣው፣ ሰንሰለት እየወሰደው ወደ መጨረሻ።
ቢላው የፋብሪካው፣ ሞረዱ የፋብሪካው፣ እኔ ቁጥር ሰባ አራት፤
አንድም ቀን ከብቱን ሙሉውን አላየሁትም፣ ፊት ኖሮት፣ ዓይን ኖሮት።

የሚዝገውን ወሰድሁ፤ እጀታው ብርቱካናማ፣ በረዶ ላይ እንዳይጠፋ፣
አራት ጣት ቢሆን ነው፣ ያልተኩራራ፣ ያልተነፋ።
ሰንጢም ጨመረችበት። «ያኛው በዓመት አንዴ፣ ይቺ ግን ዕለት ዕለት፤
ለካርቶን፣ ለፖም፣ ለልጅሽ ጫማ ክር፣ በረዶ ለቋጠረበት።»

ማታ ድንጋዩን አርጥቤ፣ ልጄ ሲተኛ፣
ሳልሁት፤ ሃያ በግራ፣ ሃያ በቀኝ፣ እንደ ዳኛ።
«ሴት ያረደው አይበላም፤ የአባቶች ሥርዓት አለ»
አለ ሸዋቀና፣ አንጓዬ በከፈለው ሶፋ ላይ ጋደም እንዳለ።

መልስ አልሰጠሁም። ቢላው ተሳለ፤ እኔም ተሳልሁ፦
እንስሳው ሳይሰቃይ ከወደቀ፣
የቀኝ ታፋውን ለማላውቀው ሰው እሰጣለሁ።

ሐሙስ፣ ከወንዙ ማዶ፣
ኦረስት አንድ ተኮሰ። አጋዘኑ ተንበረከከ እንጂ አልሞተም።
ሁለተኛዋ ጥይት ነከሰች። ሰባ ሦስት ዓመቱ ነው፤ በረዶው ውስጥ ጉልበቱ አልሄደለትም።
እኔ ሮጥሁ።

ፊት ነበረው።
ዓይን ነበረው።
«በስመ አብ» አልሁ፤ ድምፁ የሌላ ሰው፣ እጁ ግን የኔ፤
አንድ ጊዜ። አንድ ብቻ። ከዚያ በረዶው ሞቀ ከጎኔ።

ፎክሪ ብባል ምን እላለሁ? ገዳይ? የማን ገዳይ?
ኦረስት ቆቡን አወለቀ። እኔ እጄን በበረዶ አሸሁ፣ ቀና ሳልል ወደ ሰማይ።
ከዚያ ሥራ። ጣቴን ጫፉ ላይ አድርጌ፣ ጨለማውን በዳበሳ ከፈትሁት፤
እስኪመሽ ድረስ ቢላው አንድ ጊዜ እንኳ አልሳተኝም፣ እኔም አልሳትሁት።

ታፋው?
ሰኞ፣ ለቁጥር ሰባ አምስት።
ዓመት ሙሉ ክንዷ ክንዴን ሲነካ የቆመች፣ ስሟን ያልጠየቅኋት።
መኪና ማቆሚያው ላይ፣ ጣቷ ደንዝዞ ቋጠሮው አልፈታ ሲላት፣
ሰንጢዬን አወጣሁና ሲባጎውን ቆረጥሁላት።
«ማሪቤል እባላለሁ» አለች።

ሸዋቀና? ቀምሷል፣
እንዳልቀመሰ ሆኖ፣ ድስቱን ሲከድን ደርሼበታለሁ።
ቢላውን ዘይት ቀብቼ፣ ሰገባው ውስጥ አስተኝቻለሁ።

ስለቱ ገባ።