የደረጃ ልክ

ቅዳሜ ሲነጋ ከበር እንለያያለን፤
እሷ ወደ ግንቡ፣ እኔ ወደ ማራኪ፣ ሁለታችንም ሥራ አለን።
የእኔ ባሬላ፣ አሸዋ፣ ፎርማን የሚቆጥረው ምልልስ፤
የእሷ የጫማ ካርቶን፣ ማስመሪያ፣ ጫፉ የተበላ እርሳስ።

«አርክቴክት» የሚል ቃል ይዛ ገባች አንድ ቀን፣ ምላሷን እየታገላት፤
«ምንድን ነው?» አልኳት። «ቤት ገና ሳይኖር ቤቱን የምታይ ሴት ናት።»
እኔ ቤትን የማውቀው ወር ሲሞላ ነው፣ አከራይ በር ሲመታ፤
ገጣሚ ቤት ይመታል ይላሉ፤ እኔን ግን ቤት ነው የመታኝ፣ ጠዋት ማታ።
ጎረቤቴ እንጉዳይ፣ «ሴት ልጅ ቤት ትይዛለች እንጂ» አለችኝ፣ «ቤት ታቆማለች?»
የተሸከምኩትን ሲሚንቶ ቆጥራው ቢሆን፣ ዝም ባለች።

ያለ ክፍያ ነው የሚያስተምሯቸው። መጀመሪያ አላመንኩም፤
የነጻ ነገር መጨረሻው ጠፍቶኝ አያውቅም።
አንድ ቅዳሜ ሥራ ሲጠፋ ተከትዬ ሄድኩ፣
ከጽዱ ጥላ ሥር ቆሜ፣ ሳልታይ አየሁ።

ትርንጎ የምትባል፣ ከዩኒቨርሲቲ በቅርቡ የወጣች፣
ሱሪዋ ኖራ በኖራ፣ ከትንንሾቹ ጋር መሬት ተቀምጣለች።
«ነኢማ፣ ሶልያና፣ ተነሱ፤ መዳፍ ለመዳፍ ግጠሙ፤
እግራችሁን ወደ ኋላ፤ አሁን ተደጋግፋችሁ ቁሙ።»
አንዷ ከአዲስ ዓለም፣ አንዷ ከቀሃ ኢየሱስ፣
አንዷ ብትሸሽ ሌላዋ መሬት ልትልስ፣
ቅስት ሆኑ። ልጄ በሥራቸው ሾልካ አለፈች፣ ደግማ አለፈች፣
«ድንጋዩን ያቆመው መዋደድ ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀች።
ትርንጎ ሳቀች፤ «መገፋፋት ነው፣ እኩል እኩል ከሆነ።»
ስንቱ ጎረቤት ትዝ አለኝ፣ ስንቱ በልቤ ተመዘነ።

ከዚያ ግንቡን በስንዝር፣ በክንድ፣ በገመድ ቋጠሮ ለኩ፣
ቁጥሩን ጻፉ፣ ተጣሉበት፣ ሰርዘው በሌላ ተኩ።
«ይህን ሁሉ ኖራ ማን አቦካው? ውሃውንስ ማን ቀዳ?»
አለች ማስተዋል። አስጎብኚው ነገሥታቱን ያውቃል፤ ለዚህ ግን አልተሰናዳ።
እኔ ከጽዱ ሥር ትከሻዬን ዳሰስኩ።

ማታ መብራት ጠፍቶ፣ በሻማ፣ «እማ፣ ቁሚ» አለችኝ፤
ከወለሉ እስከ ጉልበቴ በስንዝር ለካችኝ።
«ባሬላ ይዘሻል እንበል፤ ሳያምሽ የት ድረስ ነው? እግርሽን አንሺ።»
አነሳሁ። ሻማውን ወደ ፊቴ አስጠግታ፣ «እማ፣ አትዋሺ።»
ዝቅ አደረግሁ። በእርሳሷ ግድግዳው ላይ ጭረት አሰመረች፣
አከራይ የሚለውን ረስታ፣ ስሜን አጠገቡ ጻፈች።

በሳምንቱ ካርቶኑ ቤት ሆኖ ከጠረጴዛ ወጣ፤
ጉልላቱ የእንቁላል ቅርፊት ነው፣ በጥጥ ተጠቅልሎ የመጣ፤
መንገድ ላይ ተሰንጥቋል፣ በሙጫ አስታማዋለች።
የሌሎቹ ደረጃ ሽቅብ ይሮጣል፤ የእሷን ግን ቀስ አድርጋዋለች፣
ዝቅ ዝቅ ያለ፣ እየዞረ፣ መሃሉ ሰፊ ማረፊያ ያለው።
ትርንጎ ጎንበስ ብላ፣ «ለማን ነው ይህን ያህል ቦታ የሰጠሽው?»
«ለተሸካሚዋ» አለች፤
ሌላ አልጨመረች።

ሰኞ ሥራ ገባሁ። ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊሾው ያልደረቀ ደረጃ ላይ፣
ባሬላውን አሳርፈን ስንዝሬን ዘረጋሁ፣ ፎርማኑ እንዳያይ።
አየ።
«በሦስት ጣት ይበልጣል» አልኩት። ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ዋጠው፤
«አንቺ ሴትዮ፣ ደረጃሽን እወቂ!» አለ፤ ሁሉም እንዲሰማው።

አውቃለሁማ። ቤቴ ግድግዳ ላይ ነው፣ ስንዝር ሳይሞላ ከመሬት፣
በእርሳስ፣ ከነስሜ። የጻፈችው፣ ቤት ሳይኖር ቤት የምታይ ሴት።