ካልነፈሰ በቀር

ገና ሳይነጋጋ፣ ኦርክኒ ወደብ ላይ፣
ኢሽቤል ትጽፋለች ቀድማ ከፀሐይ፦
«ጀልባዋ ትነሳለች በአንድ ሰዓት፣ አንለስ…»
ቀሪውን ይጽፈዋል ጉሙ ወይ ነፋስ።

በእኛ ቋንቋ ቢሆን ግሱን አጅበን ነው፣
ካል ከፊት፣ በቀር ከኋላ፣ ሁለት ዘበኛ አለው።
የነሱ ግን አንድ ቃል፣ ብቻውን ይቆማል፣
ጀልባ እንደሚታሰርበት ግንድ፤
«አይ»ን በሆዱ ይዟል፣
ሌላ «አይ» ቢደርቡበት ትርጉሙ ይጠመማል።

ቶርፊን ከነባርኔጣው፣ ስምንት ዓመት ሙሉ፣
ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣል።
እህቱ ማዶ ናት፤ በአንድ አውራ በግ ተጣሉ።
ሰማዩ ጥርት ሲል ያሰጣችው አንሶላ ከዚህ ይታያል፣
እሱ ግን ዘወር ብሎ ነፋሱን ይለካል።
«እሻገራለሁ» ይላል፣ «ወጀብ ካልተነሳ።»
ወጀብ ደግሞ አይጠፋም። ይመለሳል ለምሳ።

ሰኔ ላይ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ባሕሩ ዝም አለ፣
ባንዲራው ዘንጉ ላይ እንደ ጨርቅ ተንጠለጠለ።
ኢሽቤል አንለስን በእጅጌዋ ጠረገች፣
በአንድ ሰዓት ከሚለው ኋላ
አንዲት ነጥብ አስቀመጠች።

ቶርፊን አነበበ። ደግሞ አነበበ።
በባዶው ሰማይ ላይ ደመና ተራበ።
«አንለስ የት ሄደ?» አለ፣ ድምፁ እየሰለለ።
«የኔ አልቋል። ያንተን ጻፍ፤ ጠመኔው ይኸው አለ።»

ያዘው። ጣቶቹ ነጡ። ጀልባዋ ጮኸች።
ሰሌዳው ላይ ያቺ ነጥብ ብቻዋን ቀረች።
ጠመኔውን በኪሱ፣ ቲኬቱን በእጁ፣
«ለመልሴ ይሆነኛል»
ብሎ ገባ በደጇ።